የክረምቱ ደጀን

አባቴ ጓንት በማንቆርቆሪያ ያሞቃል። ክረምት ከገባ ጀምሮ እሁድ እሁድ ንጋት አስራ አንድ ሰዓት ላይ ይነሳና ውሃ ያፈላል፤ ከዚያ ማንቆርቆሪያውን ከምድጃው አውርዶ ሁለት ጥንድ ጓንት፣ አንዱን የራሱን፣ ሌላውን የእኔን፣ ክዳኑ ላይ ደርድሮ በፎጣ ይሸፍናቸዋል። የዚያን ዕለት ወጥ ቤት ስገባ ፎጣው በቦታው ነበር። እሱ ጀርባውን ሰጥቶኝ፣ ቢጫ አንጸባራቂ ሰደርያውን ከሹራቡ በላይ ደርቦ፣ ፊሽካውን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ዳቦ ይቆርጣል። የእኔ ሁለት ቁራጭ በወረቀት ተጠቅልሎ ለብቻው ተቀምጧል። «ዛሬ ጉም አለ» አለኝ ሳይዞር። «የኋላ መብራትሽን ባትሪ ቀይሬልሻለሁ። ያኛው ዓይኑ ፈዞ ነበር።» መቃኑን ተደግፌ፣ ሦስት ቀን ሙሉ አፌ ውስጥ ያመላለስኩትን ነገር ልናገር ከንፈሬን ከፈትኩ። የወጣው ግን ሌላ ነበር።

«አባዬ፣ እኔ ዛሬ ሥራ ገቢ ነኝ። አንዷን ልጅ አሟት ተተኪ ፈልገው...»

«በእሁድ?»

«በእሁድ።»

ቢላዋውን አስቀምጦ ዞሮ አየኝ። አልተቆጣም። ሐኪም ቤት ላቦራቶሪ ከገባሁ ወዲህ የእኔን ሥራ እሱ ሠላሳ ዓመት ደብዳቤ ካደለበት ሥራ በላይ ያከብረዋል፤ ጎረቤት ስለ እኔ ሲጠይቀው «ደም ታነባለች» ይላል፣ አንድ ትልቅ መጽሐፍ እንደማነብ አድርጎ። «ደም እሁድና ሰኞ አያውቅማ» አለ። ጓንቶቼን ከፎጣው ሥር አወጣ፤ ልቀበለው እጄን ስዘረጋ አልሰጠኝም፤ እንደ ልጅነቴ ጣት በጣት እያስገባ አለበሰኝ። ሙቀቱ እስከ ክርኔ ወጣ። «አይዞሽ፣ ለክበቡ ልጆች እኔ እነግራቸዋለሁ። ዝም ብላ ቀረች ብለው እንዳይቀየሙሽ።» ከመኝታ ቤት የእናቴ ድምፅ መጣ፣ እሁድ እሁድ የሚመጣው ያው ድምፅ። «አንተ ሰውዬ፣ እብድ እንኳ ዝናብ ሲመጣ ይጠለላል!» አባቴም እንደ ወትሮው «እብድ ክበብ የለውማ!» ብሎ መለሰላትና ጥርሱን ሳያሳይ ሳቀ። ዳቦዬን ይዤ ወጣሁ። ብስክሌቴን ተሸክሜ ደረጃውን ስወርድ ሰዓቴን አየሁት፤ ለአስራ ሁለት ሰዓት አምስት ጉዳይ ነበር። ክበቡ የሚነሳው አስራ ሁለት ተኩል ላይ ነው። አባቴ ግን የሚያውቀው አንድ ሰዓት ላይ እንደሚነሳ ነው፣ አስራ ዘጠኝ ዓመት ሲነሳ እንደኖረው። መቀየሩን ከቤታችን የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ።

ነገሩ የተቆረጠው ሐሙስ ዕለት ነው። የብስክሌት ክበባችን ከአንድ ማተሚያ ቤት ሥር፣ ምድር ቤት ውስጥ አንድ ክፍል አለው። ግድግዳው የማተሚያ ቀለምና የሰንሰለት ዘይት ይሸታል፤ ጠረጴዛው ድሮ የአንድ ቤት በር የነበረ ጣውላ ነው፣ የቁልፉ ቀዳዳ እስከ ዛሬ አለ፣ ብዕሬ ሁልጊዜ እዚያ ቀዳዳ ውስጥ ይገባብኛል። እኔ የኮሚቴው ጸሐፊ ነኝ። የተመረጥኩት ጽሑፌ ስለሚነበብና ብዙ ስለማልናገር ነው። ሊቀመንበራችን ሰው መኪና መንዳት የሚያስተምር፣ ድምፁ ትልቅ፣ ክፋት የሌለበት ሰው ነው። የክረምቱን መርሐ ግብር ሲያነብ ቆይቶ እርሳሱን አስቀመጠና «እንግዲህ የጋሼ ነገር» አለ። ሁሉም ጠረጴዛውን አየ። ጋሼ የሚሉት አባቴን ነው።

በእኛ ክበብ ከሁሉ በኋላ የሚነዳው ሰው ደጀን ይባላል። በጋ ላይ ብዙም ሥራ የለውም። ክረምት ላይ ግን ጉም አለ፣ ጭቃ አለ፣ ጎርፍ አጥቦ ያወጣው የጠርሙስ ስባሪ በየመንገዱ አለ፤ ደጀን የደከመውን ይጠብቃል፣ የወደቀውን ያነሳል፣ ፊሽካ ነፍቶ የፊተኞቹን ያስቆማል፣ በየማረፊያው ሰው ይቆጥራል። አባቴ አስራ ዘጠኝ ክረምት ደጀን ነበር። የክረምቱን መንገዶች እንኳ ደብዳቤ ሲያድል ከረገጣቸው ሰፈሮች መርጦ የቀየሰው እሱ ነው፤ የትኛው ቦይ ሲሞላ የትኛውን ኩርባ መተው እንደሚገባ ያውቃል። ሁለት አባባል አለው። አንዱ አዲስ ገቢ ዳገት ላይ ሲያለከልክ የሚለው «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ነው፤ ስልክ ጠጋኙ፣ የክበባችን ቀልደኛ፣ አባቴ በሌለበት «እንቁላሉ» የሚለው ለዚህ ነው። ሌላው «ደጀን ወደ ፊት አይሄድም» የሚለው ነው። ቢጠሩትም፣ ቢዘንብበትም፣ ደጀን የመጨረሻውን ሰው ጥሎ አይሄድም።

ጉልበቱን ካመመው ወዲህ ግን የመጨረሻው ሰው ራሱ አባቴ ነው። ባለፈው እሁድ ግድቡ ጋ አስራ አንዳችን ላብ በላብ ሆነን፣ በዝናብ ቆመን፣ አርባ ደቂቃ ጠበቅነው። ሁለት ሰው ታመመ። ሊቀመንበሩ ይህን ሁሉ ረጋ ብሎ ተናገረ፤ ውሸት አልነበረበትም። ያቀረበው ሐሳብም ክፉ አይመስልም ነበር። የክረምቱ መነሻ ከአንድ ሰዓት ወደ አስራ ሁለት ተኩል ይምጣ፤ አነዳዱ ፈጠን ይበል፤ ጋሼ የክብር አባል ይሁኑና በጋ ሲመጣ በሜዳው መንገድ አብረውን ይውጡ። «ደጀንነቱ ደግሞ ከቤታቸው አይወጣም» ብሎ ወደ እኔ ዞረ። «አንቺ ትሆኛለሽ። ፊሽካውንም ከእሳቸው ትቀበያለሽ። ነገሩን አንቺው ብትነግሪያቸው ነው የሚሻለው፣ ከእኛ አፍ ሲሰሙት መባረር ይመስላቸዋል።» ሦስቱ የኮሚቴ አባላት እጃቸውን አወጡ። «የሚቃወም?» አለ። የእኔ እጅ ብዕር ይዟል። ቃለ ጉባኤው ላይ «በሙሉ ድምፅ» ብዬ ጻፍኩ። መልሼ ሳየው በጣም የሚነበብ ጽሑፍ ነበር።

አባቴ ቁልፍ ስልክ ነው የሚይዘው፤ የክበቡን መልእክቶች ለእሱ የማነብለት እኔ ነኝ። ስለዚህ እኔ ካልነገርኩት ማንም አይነግረውም። ሐሙስ ራት ላይ ልነግረው ነበር። እናቴ ስለ ዘይት መወደድ አውርታ እስክትጨርስ ጠበቅኩ፤ ጨርሳ ዝም ስትል ቀና ብዬ አየሁትና «ጨው አቀብለኝ» አልኩት። ዓርብ ከሥራ ስመለስ በረንዳው ላይ ብስክሌቴን ገልብጦ አዲስ የፍሬን ጎማ ሲገጥምልኝ አገኘሁት፤ ስንት ገዛኸው ስለው «ከአንቺ አይበልጥም» አለኝ፣ እኔም የያዝኩትን ነገር ይዤ ወደ ክፍሌ ገባሁ። ቅዳሜ የጥገና ቀን ነው፤ ክረምት ላይ ቅዳሜ ከሰዓት ምድር ቤቱ ውስጥ ተሰብስበን ሰንሰለት እናጥባለን፣ ጎማ እንለጥፋለን፣ እርጥብ ካልሲ ማሞቂያ ላይ ሰቅለን እናወራለን። አባቴ እጅጌውን ሰብስቦ፣ ክበቡን ከተቀላቀለች ሁለት ወር ላልሞላት ዳቦ ጋጋሪ፣ የተበሳ ጎማ ሳህን ውሃ ውስጥ ነክሮ አረፋ የሚወጣበትን ቦታ መፈለግ ያስተምራት ነበር። ይስቃል። ሁሉም የሚመስላቸው ውሳኔውን እንደነገርኩት ነው። ሊቀመንበሩ ጠጋ ብሎ «እንዴት ያለ ትልቅ ሰው ናቸው! ፊታቸው ላይ እንኳ አያስታውቅም» አለኝ። ልንበተን ስንል አባቴ እጁን በጨርቅ እየጠረገ «በሉ እሁድ እንገናኝ» አለ። ስልክ ጠጋኙ እኔን አየኝ፤ እኔ ሰንሰለቱን አየሁ። ዝም አይነቅዝም ይላሉ። እኔ ዘንድ በሦስት ቀን ነቀዘ።

ነዳጅ ማደያው ጋ ስደርስ አስሩም ተሰብስበዋል። በጉሙ ውስጥ የነዳጅ መቅጃዎቹ መብራት ብቻ ነበር የሚታየው፤ ሰዎቹ ካፖርታቸውን እስከ አፍንጫቸው ስበው አንድ እግራቸውን መሬት አስደግፈው ቆመዋል። «ፊሽካውስ?» አለኝ ሊቀመንበሩ። «ቤት ረሳሁት» አልኩ። ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ስትነግሪያቸው ምን አሉ?» አለኝ። «ምንም አላለም» አልኩ። ይኼ እውነት ነበር። ልክ አስራ ሁለት ተኩል ላይ ተነሳን፤ እኔ ከሁሉ በኋላ። ከኋላ ሆኜ ስነዳ የመጀመሪያዬ ነው። የታሸጉ ሱቆች፣ መዝጊያቸው ላይ የሚንጠባጠብ ውሃ፣ ከሥራ የሚመለስ የሌሊት ዘበኛ፣ ጥግ ላይ ተጠቅልሎ ቀና ያላለ ውሻ፤ ይህን ሁሉ በየእሁዱ አልፌዋለሁ። የማላውቀው አስር ቀይ መብራቶች ከፊቴ ተሰልፈው ሲሄዱ ማየትን ነው። መንገዱ በታጠፈ ቁጥር የፊተኛው ይጠፋል፣ ቀጥሎ ሁለተኛው፣ ቀጥሎ ሦስተኛው፤ ቀና ያለው መንገድ ላይ መልሰው እስኪታዩ ሰው በልቡ ይቆጥራቸዋል። ከተማውን ስንለቅ አራት ብቻ ይታዩኝ ነበር። ትንሽ ቆይቶ አንድ።

ያቺ አንድ ዳቦ ጋጋሪዋ ናት። ብስክሌቷ ከባድ ነው፣ እሷም ቀጭን አይደለችም፤ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሊጥ አቡክታ ነው የመጣችው። «ምነው ዛሬ ጅብ ነው የሚያባርራቸው?» አለችኝ እያለከለከች። «እኔ የማውቀው ሊጥ ነው። ሊጥ አይሮጥም፣ እህቴ።» ሳቅኩ፤ እውነት ነው የሳቅኩት። ከጡብ ፋብሪካው በስተጀርባ ያለው ዳገት ላይ የፊት ጎማዋ ፉጨት አሰማና ተኛ። ወረድን። ፊት ወዳሉት «ቁሙ!» ብዬ ተጣራሁ። ድምፄ ከአጥሩ አላለፈም። ደግሜ ተጣራሁ፤ ዳቦ ጋጋሪዋ ራሷ፣ አጠገቤ ቆማ፣ «ምን አልሽ?» አለችኝ። ፊሽካ ቢኖረኝ ኖሮ ይቆሙ ነበር፤ ፊሽካው አባቴ አንገት ላይ ነው፣ አባቴ ደግሞ አልተነገረውም። «ሂጂና ንገሪያቸው» አለችኝ። «ጎማውን እኔ እለጥፈዋለሁ፤ ጋሼ ትናንት አስተምረውኝ የለ? ደግሞ እዚህ ቆመሽ ብታይኝ እጄ ይንቀጠቀጣል።» መሄድ አልነበረብኝም። ኩርባው ላይ እደርስባቸዋለሁ፣ አስቁሜያቸው እመለሳለሁ ብዬ ሄድኩ። ኩርባው ላይ አልነበሩም። ቁልቁለቱን ወርደውታል፤ እኔም ተከተልኩ፣ መብራት ባየሁ ቁጥር እነሱ እየመሰሉኝ፣ አንዴ የጭነት መኪና፣ አንዴ የአንድ ግቢ አምፖል፣ እስከ ግድቡ ድረስ።

የደረስኩባቸው ሻይ ቤቱ በር ላይ፣ ብስክሌታቸውን ሲያስደግፉ ነው። ለሊቀመንበሩ ነገርኩት።

«ብቻዋን ነው የቀረችው?»

«ራሷ ናት ሂጂ ያለችኝ።»

ትንሽ አሰበ። «እንግዲህ ትደርሳለች፣ መንገዱ አንድ ነው። ግቢና ሻይ ጠጪ፣ ከንፈርሽ ጠቁሯል።»

ገባሁ፤ ተቀመጥኩ። ሻይ ቤቱ በቆርቆሮ የተሠራ፣ መሃሉ ላይ የከሰል ምድጃ ያለበት፣ ግድግዳው በአሮጌ የቀን መቁጠሪያ ሥዕሎች የተለጠፈ አንድ ክፍል ነው። ባለቤቲቱ ብርጭቆ እየደረደረች ሻይ ሁለት ብር መጨመሩን አስታወቀች፤ ስልክ ጠጋኙ «ዝናቡን ነው የምትሸጪልን?» ሲላት «ዝናቡማ በነጻ ነው፣ ስኳሩን ነው» አለችው። አንዱ ስለ ቤት ኪራይ አነሳ፤ ሌላው አከራዩ በየሦስት ወሩ እንደሚጨምርበት ተናገረ። ሁሉም ደስ ብሏቸው ነበር። በክረምት እንዲህ ባለ ሰዓት ግድቡ ጋ ደርሰው አያውቁም። «ይኸው፣ ሳንርስ ገባን» አለ ሊቀመንበሩ እጁን እያፋተገ። ከአባቴ የተቀበልኩትን ዳቦ ከወረቀቱ ፈትቼ ፊቴ አኖርኩት እንጂ አልቆረስኩትም። ግድግዳው ላይ ያለው ሰዓት ሁለት ሰዓት ሊሞላ ነው። አንድ ሰዓት ላይ አባቴ ነዳጅ ማደያው ጋ ደርሷል። ማንም የለም። መጀመሪያ ዘገዩ ይላል፣ ሰዓቱን ጆሮው ላይ አድርጎ ይሰማዋል፣ ከዚያ ነዳጅ ቀጂውን ይጠይቀዋል። ከዚያ ወደ ቤት ይመለሳል ብዬ ለራሴ ነገርኩት። ይመለሳል፣ እናቴ ትስቅበታለች፣ ማታ እኔ እነግረዋለሁ። ዳቦ ጋጋሪዋንም ይህን ብርጭቆ ስጨርስ ሄጄ አመጣታለሁ። ብርጭቆው አለቀ፤ ባለቤቲቱ ሳልጠይቃት ሞላችልኝ።

ሁለት ሰዓት ከአርባ ላይ ስልክ ጠጋኙ የመስኮቱን እንፋሎት በእጅጌው ጠርጎ «መጣች» አለ፤ ቀጥሎም «ኧረ ብቻዋን አይደለችም» አለ። ከጉሙ ውስጥ ዳቦ ጋጋሪዋ ወጣች፣ ከኋላዋ፣ አምስት እርምጃ ያህል ርቆ፣ ቢጫ ሰደርያ። በሩ ጋ ሲደርሱ አባቴ መጀመሪያ የእሷን ብስክሌት ተቀብሎ አስደገፈላት፣ ከዚያ የራሱን። እሷን አስቀድሞ ከኋላዋ ገባ። ከአገጩ ውሃ ይንጠባጠባል፤ የግራ እግሩን እየጎተተ ነው። ዳቦ ጋጋሪዋ ገና ከበሩ «ጋሼ ባይደርሱልኝ እኮ እዚያው ጡብ ሆኜ ቀርቼ ነበር! ልጣፉን የተገላቢጦሽ ለጥፌው!» ብላ ሁሉን አሳቀች። አባቴ አልሳቀም፤ ሥራ ላይ ነበር። እንደ ልማዱ ጣቱን እያወዛወዘ ከጥግ ጀምሮ ይቆጥራል። «... ሰባት፣ ስምንት፣ ዘጠኝ፣ አስር።» ጣቱ እኔ ላይ ደርሶ ቆመ። አስራ አንድ አላለም። ፊቴ ያለውን ወረቀትና ራሱ የቆረጠውን ዳቦ አየ፤ ከዚያ እጁን አወረደ።

ሊቀመንበሩ ከወንበሩ ብድግ አለ። «ጋሼ! ምነው በዚህ ዝናብ? ሰዓቱ መቀየሩን ልጅዎ አልነገረችዎትም እንዴ?»

«አልነገርኩትም» አንዲት ቃል ናት። ትንፋሽ እንኳ ብዙ አትፈልግም። አባቴ አየኝ፤ ረጅም ጊዜ አይደለም፣ ድሮ ፖስታ ላይ የተጻፈ አድራሻ የማን ቤት እንደሆነ ለመለየት የሚያየውን ያህል ነው። ከዚያ ወደ ሊቀመንበሩ ዞረ።

«ነግራኛለች» አለ። «ሐሙስ፣ ራት ላይ። እኔ ነኝ የረሳሁት።»

ዳቦ ጋጋሪዋ ሄልሜቷን ስታወልቅ እጇ አገጯ ሥር ቆመ። «እንዴ ጋሼ፣ ቅድም መንገድ ላይ ‹የነገረኝ ሰው የለም፣ ነዳጅ ቀጂው ነው ሄደዋል ያለኝ› አላሉኝም?»

«አልኩሽ?»

«አሉኝ እንጂ!»

«እንግዲያ እሱንም ረስቼዋለሁ ማለት ነው» አለና ሳቀ። ብቻውን ሳቀ።

ሊቀመንበሩ ቀስ ብሎ ተቀመጠ። ከጎኔ ስልክ ጠጋኙ፣ ቀልድ በሌለበት ድምፅ፣ «ትናንትም እኮ ‹እሁድ እንገናኝ› ብለው ነበር» ሲል ሰማሁት። «ሰምቻለሁ» አለው አጠገቡ ያለው። ሌላዋ በቀደም በእህቷ ስም እንደጠራት አስታወሰች። አንዱ፣ ባለፈው እሁድ የዘገዩት መንገድ ጠፍቷቸው ይሆናል እንጂ ጉልበታቸው ብቻ አይደለም አለ። አባቴ ምድጃው ጋ ቆሞ እጁን ያሞቃል፤ ይሰማል አይሰማም አላውቅም። አንድ ብርጭቆ ሻይ በሚጠጣበት ጊዜ ውስጥ፣ ዓይኔ እያየ፣ የሚረሳ ሰው አደረጉት። ክፋት አልነበረበትም፤ ለዚህ ነው የባሰው። «እንቁላሉ» የሚለው ስልክ ጠጋኝ ከምድጃው አጠገብ ካለው ወንበር ተነስቶ አስቀመጠው። ሊቀመንበሩ ከወንዝ ማዶ እንደሚጣራ ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ ቃል በቃል እየለየ «ጋሼ፣ ሻይ፣ ይጠጣሉ?» አለው። አስራ ዘጠኝ ክረምት ስኳር ስንት ብላው የማታውቀው የሻይ ቤቱ ባለቤት ስንት እንደሚያደርግ ጠየቀችው፤ አባቴም «ሁለት» ብሎ እንደ አዲስ ሰው መለሰላት።

ልናገር አልኩ። መጀመሪያ፣ ነግራኛለች ባለበት አፍታ ብናገር ቀላል ነበር። ከዚያ የዳቦ ጋጋሪዋ ጥያቄ መጣ፤ ያኔ ብናገር አባቴ ሁለት ጊዜ ዋሽቷል ማለት ሆነ። ከዚያ ወንበር ተለቀቀለት፤ ያኔ ብናገር የለቀቀውም ሰው ያፍራል። እያንዳንዱ ደቂቃ የየራሱን ምክንያት ይዞ መጣ፣ እኔም እያንዳንዱን በአክብሮት ተቀበልኩት። ዳቦ ጋጋሪዋ ከቦርሳዋ ብዕርና የዱቄት ደረሰኝ አወጣችና ጀርባውን ገልብጣ «ስልክሽን ንገሪኝ እስቲ» አለችኝ። ነገርኳት፣ ቁጥር በቁጥር። ስትጨርስ አንብባልኝ «ልክ ነው?» አለችኝ። «ልክ ነው» አልኩ። አጥፋ የአባቴ ሰደርያ ኪስ ውስጥ ከተተችው። «ጋሼ፣ የልጅዎ ስልክ ነው። ድንገት መንገድ ከጠፋብዎ ለሰው ያሳዩ፣ እሺ?» ይቺን ሴት ከአንድ ሰዓት በፊት ማንም ባላስታወሳት ቦታ ያገኛት እሱ ነው፤ ተንበርክኮ ጎማዋን ለጥፎ፣ ከኋላ ከኋላዋ እየነዳ ያመጣት እሱ ነው። «እግዜር ይስጥሽ፣ ልጄ» አላት። ኪሱንም በእጁ መታ መታ አደረገ፣ እንዳይጠፋበት እንደሚጠነቀቅ ሰው።

ስንወጣ ዝናቡ ወደ ካፊያ ቀንሷል፤ ጉሙ ከግድቡ ውሃ ላይ ትንሽ ከፍ ብሎ ሁለት ወፎች ብቻ በሥሩ ይታያሉ። የኋላ መብራቴን ለማብራት ጎንበስ ስል ሊቀመንበሩ አጠገቤ መጥቶ ቆመ። አባቴ አስር እርምጃ ራቅ ብሎ የዳቦ ጋጋሪዋን ኮርቻ በእጅጌው ይጠርጋል። ሊቀመንበሩ የሚናገረውን ሳይጀምር አፍንጫውን በጓንቱ ጠረገ።

«እናቴንም እንዲህ ነው የጀመራት» አለኝ። «መጀመሪያ ሰዓት። ከዚያ ቀን። ከዚያ እኔን።» ዓይኑ እውነት እርጥብ ነበር። «እኛ ደግሞ ዘገዩብን ብለን ስናማቸው... አንቺም ጸሐፊ ሆነሽ ቁጭ ብለሽ ስትሰሚን ኖርሽ። ለምን አልነገርሽንም? ከመቼ ጀምሮ ነው?»

እዚህም መንገድ ነበረኝ። ሰውየው ጠይቆኝ፣ እየጠበቀኝ፣ ሌላ ሰው ሳይኖር።

«ክረምቱ ከገባ ወዲህ ነው» አልኩ።

ኮርቻው ላይ ያለው የአባቴ እጅ ቆመ። ከዚያ መጥረጉን ቀጠለ፤ ደረቅ የነበረውንም ጠረገው። ሊቀመንበሩ ትከሻዬን ጨበጥ አድርጎ ለቀቀኝና ወደ ሌሎቹ ዞሮ «በዝግታ ነው የምንመለሰው! ማንም እንዳይፈጥን! ጋሼ መሃል ይሁኑ!» ብሎ ጮኸ። አምስት ከፊት፣ ስድስት ከኋላ ሆንን። ሐሙስ ዕለት ይህን ዝግታ ቢፈቅዱለት ኖሮ ምንም ነገር ባልሆነ። አባቴ ሳይከራከር ብስክሌቱን ገፍቶ መሃል ገባ። በአስራ ዘጠኝ ክረምት ከኋላው ሰው ኖሮ ሲነዳ አይቼው አላውቅም፤ አሁን ከኋላው እኔ ነበርኩ፣ ውሃ የጠጣ ኮሌታው ከአንገቱ ሲነሳ እስኪታየኝ ቅርብ።

ሁለት መቶ ሜትር ያህል እንደሄድን መንገዱ ለሁለት ይከፈላል። የቀኙ በጡብ ፋብሪካው በኩል የመጣንበት ነው፤ የግራው የውሃ ቧንቧውን ተከትሎ በአትክልት ማሳዎች መሃል ወደ ከተማ ይገባል፣ ዳገት የለውም፣ ለደከመ ሰው የሚሆነው እሱ ነው። ሁለቱንም የቀየሰው አባቴ ነው። የግራውን የመረጠው እኔ አስራ ሁለት ዓመት ሆኖኝ መጀመሪያ ክረምት አብሬው የወጣሁ ጊዜ ነው፣ ዳገቱን አልችልም ብዬ ስላለቀስኩ። መገንጠያው ላይ ሲደርስ ፍሬን ያዘ፤ ፊት ያሉትም ኋላ ያሉትም አብረው ቆሙ። አንድ እግሩን መሬት አስደግፎ ወደ ቀኝ አየ፣ ወደ ግራ አየ፣ ረጅም ጊዜ፣ ሁሉም እስኪያየው ድረስ። ከዚያ ኮርቻው ላይ እንዳለ ወደ እኔ ዞረ። ፊቱ የተረጋጋ ነበር። ከፍ ባለ ድምፅ፣ ለእኔ ብቻ ሳይሆን ለሁሉም እንዲደርስ አድርጎ፣

«ልጄ፣ በየት በኩል ነው የምንሄደው?» አለኝ።

ሊቀመንበሩ አንገቱን ደፋ። ዳቦ ጋጋሪዋ አፏን በጓንቷ ያዘች። አባቴ መልሴን እየጠበቀ ዓይኔን አየኝ፣ አልለቀቀኝም።

«በግራ ነው፣ አባዬ» አልኩት፣ ጮክ ብዬ።

«እሺ» አለና ወደ ግራ ታጠፈ።